ወንድሜን የሰረቀችው ሀዋ

ንጹህ ነው!

ዛሬ ጠዋት እናቴ፣ ወንድሜ ከተኛበት ከሻርጃ ሆስፒታል ደውላ ጆሮዬ ላይ የጮኸችው ይህንን ነው። «ንጹህ ነው ሀዩ! ባክቴሪያው ጠፍቷል፤ አዲሱ ቱቦ ይሠራል፤ ቁስሉ ደርቋል፤ ነገ ይዘሽው ሂጂ ብለውኛል!» እኔ ያኔ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። እልል አልኩ። ዋላሂ፣ በሙሉ ድምፄ እልል አልኩ። አጠገቤ የቆመችው ፊሊፒናዊት ደንግጣ ስልኳን ጣለች፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አፈጠጠብኝ። ምን እንደተፈጠረ በሦስት ቋንቋ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ በሦስቱም ተንተባተብኩ። ፊሊፒናዊቷ ግን ገባት መሰለኝ፣ እጄን ያዘችኝ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው በደስታ ነው። ስለማን እንደምጽፍም አላመነታሁም። ስለ ሀዋ ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ለምን እንደቀየርኩት ወደ ታች ይገባችኋል። ይህ ዜና ሲመጣ ቤታችን መኖር የነበረባት እሷ ነበረች። የለችም። አባርረናታል።

የምንኖረው አጅማን ነው፤ ክፍል ክፍል ተደርጎ በተከፋፈለ አሮጌ ቪላ ውስጥ። አባቴ ዱባይ ክሪክ ላይ ወደ አፍሪካ የሚሄዱትን የእንጨት ጀልባዎች ይጭናል፤ አዳሩ ሙሀይስና፣ የሠራተኞች ካምፕ ስለሆነ ወደኛ የሚመጣው አርብ አርብ ነው። እናቴ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች። ከክፍላችን ቀጥሎ እትዬ ከድጃ ትኖራለች፤ ከበላች የማታስቀር፣ ከሳቀች ግድግዳ የምታንቀጠቅጥ፣ ቪላው ሁሉ የሚወዳት። ኮሪደሩ ላይ፣ በመጋረጃ የተከለለ አንድ ቤድ ስፔስ፣ ለብቻው የሚከራይ አልጋ፣ ነበር። እዚያ ነበር ሀዋ። ሁላችንም የወሎ ሰዎች ስለሆንን እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው። ሀዋ ግን ከማንም ጋር ቤተሰብ አልሆነችም።

ረጅም ነበረች፤ ከስታ አጥንቷ የወጣ። ሰው ሲያወራላት ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ሰውየው ሲጨርስ ትገልጠውና «አለቀ?» ትላለች። በቃ። ስትሳደብ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ የሰፈር ሴቶች እንደሚሳደቡት እጇንም አታወናጭፍም። ለብ ያለ ውሃ እንደምታቀርብ ሰው ነው ስድቡን የምታቀርበው። አንድ አርብ አባቴ ቁጭ ብሎ እኛን እያጫወተ ሳለ፣ መጋረጃዋን ገለጥ አደረገችና «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ አባት የላቸውም፤ አርብ ነው ያላቸው» አለችው። አባቴ ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ወደ ካምፑ ተመለሰ።

ለእኔም አልራራችም። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «አለቀ? ጨረቃዋ ምን ልትሠራ መጣች? አንቺ እዚህ ቪላ ውስጥ ሆነሽ ጨረቃ መቼ አየሽ? ውሸታም» አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልጽፍም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። አንዋር ሲወለድ ደህና ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱ ማደግ ጀመረ። ከሌላው አካሉ ቀድሞ እሱ ብቻ አደገ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ማሻአላህ! ይሄ ልጅ ዓሊም ነው የሚሆነው፤ ጭንቅላቱን አታዪውም?» ይባል ነበር፤ እናቴም ደስ ይላት ነበር። እትዬ ከድጃ ደግሞ «እርግብግቢቱ ቅቤ ተርቦ ነው» ብላ ከሀገር ሰው በሻንጣ ያመጣላትን ቅቤ እየጨለፈች መሃል አናቱን ታሸዋለች። እኛ ዘንድ ሕፃን እርግብግቢቱ በቅቤ ይረጥባል፤ ይህንን ያልሠራች እናት እንደ ሰነፍ ነው የምትታየው።

ሀዋ ከመጋረጃዋ ወጣች። ልጁን ከላይ ወደ ታች አየችው። «ምኑ ነው ዓሊም? ሐብሐብ ነው» አለች። «ዓይኑ ወደ ታች ሲሰምጥ አታዩም? ውሃ ሞልቶታል። እናንተ ቅቤ ቀቡት።»

እናቴ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «ልጄን ሐብሐብ አለችው» እያለች ለሚመጣ ለሚሄደው ተናገረች፤ ቪላው በሙሉ ሀዋን አኮረፈ። ሀዋ ሲያኮርፏት ምንም አትሆንም፤ እንዲያውም ኩሽናውን ብቻዋን አገኘችው። በመጨረሻ የአንዋር ኮፍያ አልገባ ሲል እናቴ ፈራችና ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙም ያላት ያንኑ ነው፤ ስድቡ ብቻ ቀርቶ። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከጭንቅላቱ እስከ ሆዱ በቆዳው ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ ውሃው በዚያ ይወርዳል። ኦፕራሲዮኑ ተሠራ። ልጁ ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ አየን። ቪላው በደስታ አበደ።

ሀዋ አልተደሰተችም። «አሁን ነው የሚገደለው» አለች።

እንግዳ መጉረፍ ጀመረ። እኛ ሰው ሲታመም ወይ ሲድን ዝም አንልም፤ እንጠይቃለን፣ እንስማለን፣ ዱዓ አድርገን እፍ እንላለን፣ እንዳብሳለን። ሀዋ ከሹግሏ፣ ከሥራዋ፣ ስትመለስ ክፍላችን በር ላይ ክርኗን ዘርግታ ትቆማለች። «እጅሽን አምጪ» ትላለች። የሴትዮዋን መዳፍ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ታሸታለች። «ዓሣ። ታጠቢ።» የሚቀጥለውን ታሸታለች። «ይሄ የዳይፐር ነው። ታጠቢና ቤትሽ ግቢ።»

እትዬ ከድጃ ሳህን ሙሉ ምግብ ይዛ መጥታ ሀዋ በር ላይ ስትገታት ደሟ ፈላ። «አንቺ ውሻ ነሽ እንዴ ሰው የምታሸቺ?»

«አዎ ውሻ ነኝ። ውሻ ካለበት ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ያላ፣ ሂጂ።»

«ልጁን ልስመው ነው የመጣሁት፤ ላንቺ አይደለም!»

«ሳህኑን ሳሚው።»

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ለምን እንዲህ እንደምትሆን ጠየቅኳት። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ መለሰችልኝ። ሻርጃ ውስጥ ስትቀጠር ማዳሟ እንደ አንዋር ቱቦ የገባለት ልጅ ነበራት፤ የምትይዘው ሀዋ ነበረች። «ማዳሜ ደግ ነበረች» አለች። «ማንንም አትከለክልም። ዘመድ ሁሉ እየመጣ ይስመዋል፣ ጭንቅላቱን ያሻሸዋል። ትኩሳት ሲይዘው ጥርሱ ነው አሉ። ጥርሱ አልነበረም። ደግነቷ ገደለው።» ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ገለጠችውና «አለቀ» አለች፤ አሁን ጥያቄ አልነበረም።

ቁስሉ የደረቀ ሲመስል እናቴ ልቧ ረጋ። ሀዋ ሥራ ስትውል፣ በድብቅ ቅቤው ተመለሰ። አንድ ቀን እናቴ አንዋርን አዝላ ከአውቶቡስ ወርዳ በዚያ ፀሐይ ቤት ድረስ በእግሯ መጣች። ከሰዓት በኋላ ልጁ ጋለ። ተነጫነጨ፣ አስመለሰው። እትዬ ከድጃ ግንባሩን ነካ አድርጋ ወዲያው ፈረደች፦ «ምች ነው! ፀሐይ ላይ ይዘሽው ወጥተሽ፣ ኤሲ ውስጥ አስገባሽው፤ ምች ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ምች ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? የደረቀ ዳማከሴ ከአንዷ ሻንጣ ወጣ፤ በመዳፍ ታሸ፣ ለአፍንጫው ተያዘለት፣ ፊቱና አንገቱ ተቀባ። ልጁ ማልቀሱን ተወ። እትዬ ከድጃ ደስ አላትና «ያውና፣ ለቀቀው፤ ተኛልሽ» አለች።

ሀዋ የመጣች ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳበች። ዳማከሴውም ቅቤውም ሸተታት። ማንንም ሳታናግር ገብታ የአንዋርን ኮፍያ አወለቀች። ከጆሮው ጀርባ፣ ቱቦው በቆዳው ሥር በሚወርድበት መስመር ላይ፣ አንገቱ ድረስ ቀይ ሰምበር ወጥቷል። ጠባሳው እርጥብ ነበር። ልጁን ስታነሳው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ምች ነው» አለች እናቴ። «ተኝቷል፣ ተይው። አርብ አባቱ ሲመጣ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።»

«አርብ እንቀብረዋለን በይ።»

«አፍሽን ዝጊ! ልጄን አስቀምጪ!»

ሀዋ አላስቀመጠችም። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በቤት ነጠላ ጫማ፣ በኮሪደሩ ወጥታ ሮጠች። እናቴ «ልጄን!» ብላ ስትጮህ፣ እትዬ ከድጃ «ሌባ! ፖሊስ ጥሩ! ልጅ ሰረቀች!» አለች። ፖሊስ የሚለው ቃል ለሀዋ ምን ማለት እንደሆነ ቪላው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የማዳሟ ልጅ ከሞተ በኋላ ከዚያ ቤት ወጥታ ወረቀቷ አልታደሰም፤ እዚህ ኸልሊ ወልሊ የሚሏት፣ ወረቀት አልባ ነበረች። ከተያዘች እስር ነው፣ ከዚያ ሀገር ቤት። ሀዋም ሰምታዋለች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ታክሲ አስቁማ ገባች፤ በሩ ሲዘጋ እኔ በሌላኛው በኩል ገባሁ። ሻርጃ እስክንደርስ አለቀስኩ። «አታልቅሺ፣ አየሩን ትጨርሺበታለሽ» አለችኝ። ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ራሱን በክንዷ ደግፋ ነበር። አንድም ጊዜ አልሳመችውም።

የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ጥበቃው አስቆማት። «የልጁ እናት ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች በአረብኛ። «ሰርቄው ነው። ቱቦው መርዟል። ያዙት።»

ጥበቃው ሬዲዮውን አነሳ። አንዲት ነርስ ግን ልጁን አይታ ነበር፤ ከእጇ ተቀብላት ሮጠች።

እናቴ ያለ ጫማ ደረሰች። እዚያ ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ እያየ ሀዋ ያለቻትን ልጽፈው አልፈልግም ነበር፤ ግን አልዋሽም ብያለሁ። «ጨርሰሽዋል» አለቻት። «በቅቤ። በገዛ እጅሽ። ቢሞት ገዳዩ አንቺ ነሽ፤ በማንም አታሳብቢ። አንቺ መውለድ አልነበረብሽም።» እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። ሀዋ ልታነሳት እጇን አልዘረጋችም። ጥበቃው ከሌላ ሰው ጋር ሲመጣ አየችና በወዲያኛው በር ወጣች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የሀዋ ዕቃ በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ተሞልቶ የቪላው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ያወጣችው እትዬ ከድጃ ናት፤ እናቴም በስልክ «ስመለስ እንዳላያት» ብላለች። ማንም አልተቃወመም። ሀዋ መጥታ ላስቲኩን ፈታች፣ ውስጡን አየች። «ሻምፖዬን ማን ነው የጨረሰው?» አለች። ላስቲኩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ልትሄድ ስትል ወደ እትዬ ከድጃ ዞረች። እትዬ ከድጃ ልጅ የላትም። ባሏ በዚሁ ምክንያት ነው የፈታት፤ ይህንን ቪላው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

«አላህ እንዲያውም ያውቃል፤ ለዚህ ነው አንቺን ልጅ የነሳሽ» አለቻት።

እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ ሳቋ ግድግዳ የምታንቀጠቅጥ ሴት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ያን ቀን ሀዋን ጠላኋት። ዛሬም ይህን ይቅር አልላትም።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ሲያስረዳ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ የእናቴ አረብኛ የኩሽና አረብኛ ስለሆነ። ባክቴሪያው ቱቦው ላይ ተጣብቆ ተራብቷል። እንደዚያ ሲጣበቅ መድኃኒት ብቻውን አይነቅለውም፤ ቱቦው መውጣት አለበት። ውሃው ለጊዜው በሌላ ቱቦ ወደ ውጭ፣ ወደ ከረጢት ይፈስሳል፤ ልጁ በደም ሥሩ መድኃኒት ይወስዳል፤ ውሃው ንጹህ ሲሆን አዲስ ቱቦ ይገባል።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እኔ ነኝ?»

ሐኪሙ አልገባውም። ነገርኩት፤ ስለ ቅቤው፣ ሀዋ ስላለቻት። ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ እዚያው የልጁ ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ተሠርቶም ኦፕራሲዮኑ ዕለት አብሮ ሊገባ ይችላል። በማን እጅ ገባ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ከእንግዲህ ቁስሉ ላይ ምንም አትቀቢ። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ ካየሽ ደግሞ ወዲያው አምጪው። ያን ቀን ባይመጣ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

«ድገሚልኝ» አለችኝ እናቴ። ደገምኩላት። «እንደገና» አለች። ከዚያ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ስትጨርስም ተናደደች። «ያቺ ሴት እያወቀች አልነበረም! ሳታውቅ ነው ገዳይ ያለችኝ!»

እኔም ተናድጄ ለሀዋ ደወልኩ። ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ አልጋ አግኝታ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ተሳስተሻል፣ እናቴን በሐሰት ነው የወነጀልሻት አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እና ምን ላድርግ፤ ልስገድላችሁ?»

«ይቅርታ ጠይቂያት።»

«ልጁስ?»

«በሕይወት አለ።»

«ኸላስ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። የአንዋር ደም ሥሮች አንድ በአንድ ጠፉ፤ መርፌው ከእጁ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ሌላኛው እግሩ ተዛወረ። ከረጢቱን እንዳይነቅል እጁን በጨርቅ ያስሩት ነበር። ልጁ በኋላ ላይ ነጭ ልብስ ባየ ቁጥር፣ ገና ሳይነካ፣ ራሱ እጁን ዘርግቶ ማልቀስ ጀመረ። ይህን እናቴ መቋቋም አልቻለችም። አንድ ሰኞ ቀን በሩ ሲከፈት አባቴ ነው። ሰኞ! ሥራውን ጥሎ መጥቶ። ለምን እንደመጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም፤ የማን ስድብ እንዳመጣው ግን አውቃለሁ።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ንጹህ ነው!

እናቴ ደስታዋን ከጨረሰች በኋላ «ለዚያች ጉድም ንገሪያት» አለችኝ። ከአውቶቡሱ ወርጄ ደወልኩ። ስነግራት እያለቀስኩ ነበር።

«ለምን ታለቅሻለሽ? ስትደሰቺም ታስጠያለሽ» አለች። ግን፣ እውነቴን ነው፣ ስልኩን አልዘጋችውም።

«አርብ ሰደቃ አለ» አልኳት። «ነይ።»

«እናትሽ ጠራችኝ?»

«ንገሪያት ነው ያለችኝ።»

«እሱ ጥሪ አይደለም። ደግሞም አልመጣም። ያልኳትን አልኳት። ነገ ልጁ ትኩስ ቢለው ያ ስድብ ነው ከወንበሯ የሚያስነሳት። እሷ አትርሳው።» ቀጠለችና «እኔ የምጠራው ሌላ ሰው ነው» አለች። «አንቺ መጻፍ ትወጂ የለ? ጻፊው። ጭንቅላቱ ውስጥ ቱቦ ያለበት ልጅ ይዛ፣ ጎረቤት ምች ነው፣ ጥርስ ነው፣ ዓይን ነው የሚላት ሴት ካለች ትደውልልኝ። ወረቀት ባይኖራትም፣ ሰው ባይኖራትም፣ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ትሰድቢያታለሽ?»

«ምን፣ ልሳማት?»

ይኸው ጻፍኩት። ዱባይ ብትኖሩ፣ ሻርጃ ብትኖሩ፣ አጅማን ብትኖሩ፣ ተጠርታችኋል። ቁጥሯን እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ እኔን ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መድኃኒት የላትም። አታጽናናችሁም። የምትለው ግማሹ ልክ ላይሆን ይችላል፤ እናቴ ላይ ያለችው ልክ አልነበረም፣ እትዬ ከድጃ ላይ ያለችው ደግሞ ልክም ቢሆን የሚባል አልነበረም። የምትሰጣችሁ አንድ ነገር ነው፦ ልጃችሁን ከእቅፋችሁ ነጥቃ፣ እናንተ ኋላዋ እየጮኻችሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ ታደርሰዋለች። ከቻላችሁ ቀድማችኋት ውሰዱት። ካልቻላችሁ ግን ደውሉላት።